አዲሱ መኪናዎ ተጨማሪ ቅብ ያስፈልገዋልን?

የመኪናው ዋጋ ተቈርጧል። ቀለሙም ተመርጧል። ሻጩ እጁን ዘርግቶ «እንኳን ደስ ያለዎት» ብሏል። ገዢው እንግዲህ ቁልፉን ተቀብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ይመስለዋል። ዳሩ ግን በአሜሪካ አገር አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ገና አንድ ሌላ ክፍል ይጠብቀዋል። በዚህ ጠባብ ክፍል ውስጥ የብድሩን ወረቀት የሚያዘጋጅ ሌላ ሰው ተቀምጧል። የዚህ ሰው ሥራ ግን ወረቀት ማስፈረም ብቻ አይደለም፤ በመኪናው ላይ የሚጨመረውን ነገር ሁሉ መሸጥ ጭምር ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ይህን ክፍል በዓይኔ ለማየት በቃሁ። በዋሽንግተን አጠገብ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በቨርጂኒያ ግዛት አንድ ወጣት ዘመድ አለኝ። ትምህርቱን ጨርሶ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ከተቀጠረ ገና ዓመት አልሞላውም። መኪና ሊገዛ ሲነሣ «ጋሼ፣ ቋንቋውን እኔ አላጣውም፤ ነገሩን ግን እርስዎ ይመርምሩልኝ» ብሎ ይዞኝ ሄደ።

ሰውየው በወረቀት የታተመ ዝርዝር ፊታችን ዘረጋ። የቀለም መጠበቂያ ቅብ፣ የመኪናው ሥር በዝገት እንዳይበላ የሚረጭ መድኃኒት፣ መቀመጫው እድፍ እንዳይዝ የሚያደርግ ፈሳሽ፣ በጐማው ውስጥ ደግሞ በተራ አየር ፈንታ ናይትሮጅን። ሁሉም ባንድነት 1,200 ዶላር ነው። «በወር ሲታሰብ እኮ 21 ዶላር ብቻ ነው፤ የአንድ ምሳ ዋጋ» አለና ብዕሩን አቀበለው። ወጣቱም ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ምን ይላሉ?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ወዲያው የምመልሰው ነገር አልነበረኝም። «እስከ ነገ ይታገሡን» ብለን ልንነሣ ስንል ሰውየው ቁጥሩን ሰርዞ 700 ዶላር ብሎ ጻፈ። የዕቃው ዋጋ 1,200 ከሆነ ከወንበር እስክንነሣ ድረስ 500 ዶላሩ ወዴት ሄደ? ያን ሌሊት ነገሩን ስንመረምር ያገኘነውን፣ ነገ ከነገ ወዲያ በዚያ ወንበር ለሚቀመጥ አንባቢ እንዲጠቅም ከዚህ በታች አቀርበዋለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፋብሪካው አስቀድሞ የሠራው ሥራ

የዝገት መከላከያ ንግድ ከመሠረቱ ማታለያ ሆኖ አልተጀመረም። በ1950ዎቹ ዓመታት ይሠሩ የነበሩት መኪናዎች በእርግጥ ቶሎ ይዝጉ ነበር። በዲትሮይት ከተማ ይሠራ የነበረው ጀርመን ተወላጅ መካኒክ ኩርት ዚባርት፣ በላሜራው መካከል ወዳሉት ባዶ ቦታዎች የዝገት መከላከያ የሚረጭበትን ዘዴ ያወጣው በ1954 ነበር። ያን ጊዜ ይህን ያሠራ ሰው ገንዘቡን በከንቱ አላወጣም።

ከዚያ ወዲህ ግን ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ተለውጠዋል። በ1960ዎቹ ዓመታት በፎርድ ኩባንያ በኬሚስቱ በጆርጅ ብሩወር መሪነት የተጠና አንድ ዘዴ ሥራ ላይ ዋለ። የመኪናው አካል በሙሉ መከላከያ ቀለም በተሞላ ትልቅ ገንዳ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያም የኤሌክትሪክ ኃይል ሲለቀቅበት ቀለሙ በብረት እንደ ተሳበ መርፌ ወደ ላሜራው ይሮጣል፤ የሰው እጅና ብሩሽ በማይደርስበት ጕድጓድና ስንጥቅ ሁሉ ገብቶ ይጣበቃል። ቀጥሎ በምድጃ ውስጥ ይጋገራል። በ1970ዎቹ ዓመታት ይኸው ዘዴ ከበፊቱ ይልቅ ተሻሻለ፤ ላሜራውንም በዚንክ መለበጥ እየተለመደ ሄደ። የፖርሽ ፋብሪካ በ1975 በዚንክ የተነከረ አካል ይዞ የስድስት ዓመት የዝገት ዋስትና መስጠት ጀመረ። ዛሬ በአሜሪካ የሚሸጡ የብዙ ፋብሪካዎች አዲስ መኪናዎች፣ ላሜራው በዝገት ቢበሳ የሚያስጠግን የአምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ዋስትና ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይዘው ይወጣሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዝገት መጥፎ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው አይደለም፤ «ፋብሪካው በገንዳና በምድጃ ከሠራው በላይ ይህ ሰው በመርጫ የሚጨምርልኝ ምንድን ነው?» የሚለው ነው።

ጨው የሚያመጣው ጣጣ

ለዚህ መልሱ እንደ አገሩ ይለያያል። በሰሜን አሜሪካ በቅዝቃዜው ወራት በረዶውን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ጨው የቀላቀለ ውሃ ብረትን ከንጹሕ ውሃ ይልቅ ፈጥኖ ያዝገዋል፤ ከጭቃ ጋር ተለውሶ በፓራፋንጎው ሥር ሲከማች ደግሞ ሥራውን ሌሊትና ቀን አያቋርጥም። እንዲህ ባለው አገር የሚኖርና መኪናውን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊይዝ ያሰበ ሰው የሥሩን ነገር ቢያስብበት አይፈረድበትም።

ዳሩ ግን መድኃኒቱ ሁሉ አንድ አይደለም። አንደኛው ዓይነት እንደ ሬንጅ ጠቍሮ የሚደርቀው ነው። ሲቀባ ያምራል፤ ነገር ግን እየቈየ ከተሰነጠቀ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከቅቡ በታች ይቀመጣል፤ ብረቱም ባለቤቱ ሳያይ ተሸፍኖ ይበላል። ሁለተኛው ሳይደርቅ የሚቈይ፣ ዘይትነት ወይም ሰምነት ያለው ነው። ይህኛው ወደ ስንጥቁ ሰርጎ ስለሚገባ ይሻላል፤ ነገር ግን በየዓመቱ መታደስ አለበት። አንድ ጊዜ ተረጭቶ ለዕድሜ ልክ ይበቃል የሚለውን ቃል መጠርጠር ያስፈልጋል። ረጪው ካልተጠነቀቀም ፋብሪካው ውሃ እንዲወርድባቸው የተዋቸውን ትንንሽ ቀዳዳዎች ሊደፍን ይችላል። ያን ጊዜ መከላከያው ራሱ የዝገት ምክንያት ይሆናል።

ስለ ላይኛው ቀለም

የመኪናው ቀለም ውፍረት፣ ከመጀመሪያው ቅብ እስከ ላይኛው ብርጭቆ መሰል ሽፋን ተደምሮ፣ ወደ አንድ ሚሊሜትር አሥረኛ እጅ ገደማ ነው። «ሴራሚክ» የሚባለው ቅብ ደግሞ ከአሸዋ ጋር ዝምድና ካለው ከሲሊካ የሚሠራ ፈሳሽ ነው፤ ሲደርቅ የሚተወው ሽፋን ከአንድ ሚሊሜትር ሺኛ እጅ ብዙም አይበልጥም። ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፤ ውሃው በላዩ እንደ ዕንቍ እየተንከባለለ ይወርዳል፤ ቈሻሻው በቀላሉ ይታጠባል፤ መልኩም ያበራል። ነገር ግን ከፊት ካለው የጭነት መኪና ጐማ የሚፈናጠረውን ጠጠር ሊመልስ አይችልም። ጠጠርን የሚመክተው በኮፈኑና በስፖኪዮው ላይ የሚለጠፈው፣ ወፍራምና ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ሽፋን ነው። ውፍረቱ ከሴራሚኩ ከመቶ ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ ዋጋውም እንዲሁ ከባድ ነው።

ከፈሳሹ ይልቅ የሚበልጠው የሠራተኛው እጅ ነው። ሴራሚክ በሚገባ እንዲይዝ መኪናው መታጠብ፣ በቀለሙ ላይ የተጣበቀው ደቃቅ ነገር መነሣት፣ መወልወል፣ ከዚያም ተቀብቶ በጥላ ሥር መድረቅ ያስፈልገዋል። ይህ የሰዓታት ሥራ ነው። መኪናዎን በዚያው ቀን ሊያስረክብዎ የሚቸኵል ነጋዴ ይህን ሁሉ ያደርጋል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሥራውን በእርግጥ የሚፈልግ ሰው ይህንኑ ብቻ ወደሚሠራ ባለሙያ ቢሄድ ሥራውን አይቶ ለመክፈል ይችላል።

ስለ መቀመጫው

የጨርቅ መከላከያ ፈሳሽ ታሪክ ደስ ይላል። በ1953 በሦስት ኤም ኩባንያ ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ፈሳሽ በድንገት በሸራ ጫማ ላይ ፈሰሰ። ፈሳሹ አልለቅ አለ፤ ያ የነካው ቦታም ከቀሪው ጫማ ይልቅ ከእድፍ ተጠበቀ። ኬሚስቷ ፓትሲ ሸርማን ከባልደረባዋ ከሳሙኤል ስሚዝ ጋር ይህን መርምራ በ1956 ለገበያ የበቃው ስኮችጋርድ ተገኘ። ኩባንያው በ2000 የቀድሞው ኬሚካል በተፈጥሮ ውስጥ ሳይጠፋ ስለሚቈይ ከገበያ እንደሚያወጣው አስታውቆ በሌላ ተክቶታል። ለእኛ የሚጠቅመው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ ይህን የመሰለ ፈሳሽ በማናቸውም ሱቅ በጣሳ ይሸጣል፤ ዋጋውም ጥቂት ዶላር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ራስዎ ሊረጩት ይችላሉ። ናይትሮጅኑንም በሚመለከት፣ የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

የ21 ዶላሩ ሂሳብ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። 1,200 ዶላር ከመኪናው ብድር ጋር ተደምሮ በ8 በመቶ ወለድ በስድስት ዓመት ቢከፈል፣ በወር 21 ዶላር የሚለው ቃል እውነት ነው። ነገር ግን 21 ዶላር 72 ጊዜ ሲከፈል ጠቅላላው ወደ 1,515 ዶላር ይደርሳል። 315 ዶላር ያህሉ ቅብ ሳይሆን ወለድ ነው። ቅቡ በሦስተኛው ዓመት ታጥቦ ቢያልቅ እንኳ ዕዳው ሦስት ዓመት ይቀረዋል። እንግዲህ ሻጭ በወር ሲነግርዎ እርስዎ በጠቅላላው ይጠይቁ።

ከቅቡ ጋር የሚሰጠውን የዋስትና ወረቀትም ማንበብ ይገባል። ብዙውን ጊዜ የጠጠር ምትን፣ ጭረትንና ሳይታጠብ የቈየ የወፍ ኵስን አያካትትም። በየዓመቱ አምጥተው ያስመርምሩ፣ ጕዳቱንም በጥቂት ቀናት ውስጥ ያመልክቱ የሚል ግዴታም ይኖረዋል። በትልቅ ፊደል የተሰጠው በትንሽ ፊደል ይወሰዳል።

ሕጉ ምን ይላል?

አንዳንድ ገዢ «ብፈርምም በሦስት ቀን ውስጥ እመልሰዋለሁ» ብሎ ይጽናናል። ይህ ስሕተት ነው። በአሜሪካ የሦስት ቀን መመለሻ የሚሰጠው የፌዴራል ደንብ በነጋዴው ቋሚ መሸጫ ቦታ የተፈረመ የመኪና ግዢን አይመለከትም። ሌላው ደግሞ «ይህን ካልገዛሁ የፋብሪካው ዋስትና ይፈርስብኛል» ብሎ ይፈራል። ይህም እውነት አይደለም፤ በ1975 የወጣው የዋስትና ሕግ፣ አምራቹ ዋስትናውን ሌላ ዕቃ በገንዘብ ከመግዛት ጋር እንዲያያይዝ አይፈቅድም። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ለገዢው ጥቅም የማይሰጥ ተጨማሪ ዕቃ እንዳይሸጥ የሚከለክል ደንብ በ2023 መጨረሻ አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ሥራ ላይ ሳይውል በ2025 መጀመሪያ የይግባኝ ፍርድ ቤት ሻረው። ስለዚህ ሕግ የሚረዳዎ ቢሆንም የመጀመሪያው ዘበኛዎ የራስዎ ብዕር ነው።

«ቅቡ እኮ ተቀብቶ አልቋል፤ ልናነሣው አንችልም» የሚል ነጋዴም አለ። ለዚህ መልሱ አጭር ነው፤ «እንግዲያው ዋጋውን ያንሡልኝ፤ ያለዚያም ያልተቀባ መኪና ያሳዩኝ።»

በአገራችንስ?

በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ጨው አይበተንም። ስለዚህ ለጨው አገር የታሰበውን የሥር መከላከያ በዚያው ዋጋ እዚህ መግዛት፣ በበጋ ካፖርት ደርቦ እንደ መውጣት ነው። የእኛ ከተማ መኪና ጠላቱ ሌላ ነው። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው ብርቱ ፀሐይ ቀለሙን ያደበዝዛል። አቧራ በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግ ደቃቁ አሸዋ ቀለሙን ይጭረዋል። ለፀሐዩ ጥላ፣ ለአቧራውም አስቀድሞ ብዙ ውሃ ማፍሰስ፣ በየጊዜውም ሰም መቀባት ከብዙ ውድ ጠርሙስ ይሻላል። አዲስ መቀመጫ እንዳይቈሽሽ የፋብሪካውን ፕላስቲክ ሳይገፉ ወራት የሚቀመጡ ሰዎች እንኳ፣ ላብ ቢያስቸግራቸውም፣ ቢያንስ ወለድ አልከፈሉበትም።

ወጣቱ የወሰነው

በማግሥቱ ተመልሰን ሄድን። ዘመዴ በትሕትና ተቀምጦ ሦስት ጥያቄ አቀረበ። የቅቡ ስምና ሠሪው ማን ነው? ዋስትናውን የሚከፍለው ነጋዴው ነው ወይስ ሌላ ኩባንያ? ያለ ብድር ባንድ ጊዜ ብከፍል ዋጋው ስንት ነው? ሰውየው ለመጀመሪያው ወረቀት ፈለገ፤ ለሁለተኛው «ሌላ ኩባንያ ነው» አለ፤ ለሦስተኛው ደግሞ 450 ዶላር አለ። ዋጋው ባንድ ሌሊት ከ1,200 ወደ 450 ወረደ ማለት ነው።

ወጣቱም «አመሰግናለሁ፤ መኪናውን ብቻ» ብሎ ፈረመ። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ከመፈረም በፊት ያደረች አንዲት ሌሊት ብዙ አዳነችለት። ከዚያ ወዲህ በጨው ወራት የመኪናውን ሥር በየሳምንቱ በውሃ ያስመታል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰም ይቀባል፤ መቀመጫውንም በጣሳ ፈሳሽ ራሱ ረጭቶታል። በረዶ ወደሚበዛበት ወደ ሰሜን ለሥራ ከተዛወረ ግን በየዓመቱ የሚታደሰውን የዘይት መከላከያ በባለሙያ ለማሠራት አስቧል። በወር ሊከፍላት የነበረችው 21 ዶላርስ? አገር ቤት ለምትማረው ታናሽ እኅቱ ከሚልከው ላይ ተጨምራለች። «ጋሼ፣ ይህችኛዋ አትታጠብም» አለኝ።