አመድ፣ ፀሐይ፣ ጨውና ስኳር፤ በየቤቱ ያሉ የጤና ረዳቶች

ጤንነትን ለመጠበቅ ብዙ ገንዘብና ውድ መድኃኒት ያስፈልጋል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት አይደለም። ነገር ግን በቤተ ሰብ ላይ የሚደርሰው የሆድ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከእጅ፣ ከውኃና ከምግብ ስለ ሆነ፣ መከላከያውም የሚገኘው እዚያው ማጀት ውስጥ ነው። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑትን ሕፃናት ከሚገድሉት በሽታዎች አንዱ ተቅማጥ መሆኑን ስናስብ፣ ከዚህ በታች የተጻፈው ምክር ቀላል መስሎ ቢታይም ጥቅሙ ቀላል እንዳልሆነ እንረዳለን። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

1ኛ፤ ስለ እጅ መታጠብና ስለ አመድ

እጅን በውኃ ብቻ ማለቅለቅ ማጽዳት አይባልም። በጣቶች መካከልና በጥፍር ሥር የሚቀረው ቅባት በዓይን የማይታዩትን ረቂቃን ተሐዋስያን ይዞ ይቀራልና። ሳሙና ቅባቱን ከቆዳ ስለሚያላቅቀው ተሐዋስያኑም አብረው ይታጠባሉ። ሳሙና በታጣ ጊዜ ግን ንጹሕ የምድጃ አመድ ሊተካው ይችላል። አመድ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ቅባትን የማሟሟት ኀይል አለው፤ ሻካራነቱም እድፍን ይፍቃል። አመዱ ከእንጨት የተገኘ፣ የቀዘቀዘ፣ በወንፊት የተነፋና ተከድኖ የተቀመጠ መሆን አለበት። ፕላስቲክና ጥራጊ የተቃጠለበት አመድ ለዚህ አይሆንም፤ እጁ የቆሰለ ሰውም በአመድ መታጠብ አይገባውም።

ቧንቧ በሌለበት ቤት ደግሞ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ መታጠቢያ ይሆናል። ከጠርሙሱ ግርጌ አጠገብ በቀጭን ሚስማር አንድ ቀዳዳ በስቶ፣ ውኃ ሞልቶ ማንጠልጠል ነው። ክዳኑ ጥብቅ ሲል አየር መግባት ስለማይችል ውኃው ይቆማል፤ ክዳኑ ሲላላ አየር ይገባና ውኃው በቀጭኑ ይወርዳል። በትምህርት ቤት ቢሠራ ለጽዳትም፣ ለሳይንስ ትምህርትም ይጠቅማል።

2ኛ፤ ስለ መጠጥ ውኃ

ውኃ ጠርቶ መታየቱ ንጹሕ ለመሆኑ ምስክር አይደለም። የደፈረሰውን ውኃ ታጥቦ በተደራረበ ነጭ ጨርቅ ማጥለል ጭቃውንና ጉድፉን ይቀንሳል፤ ተሐዋስያኑን ግን አያጠፋም። ስለዚህ ከተጠለለ በኋላ መፍላት አለበት።

እዚህ ላይ በደጋ የሚኖር ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ውኃ በባሕር ዳርቻ አገር የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሙቀት ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይኸውም ከፍ ባለ ቦታ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ነው። በደጋ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አልበስል የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በቆላ ለ1 ደቂቃ መንተክተክ የሚበቃው ውኃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ አገር ለ3 ደቂቃ ይንተክተክ። ከፈላም በኋላ እዚያው ዕቃ ውስጥ ተከድኖ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ አፈ ጠባብ በሆነ ንጹሕ ዕቃ ይገልበጥ። በጣሳ የሚጠለቅ ውኃ የእጅን እድፍ መልሶ ይቀበላልና፣ አዘንብሎ መቅዳት ይሻላል።

ማገዶ ያጠረው ሰው ፀሐይን መጠቀም ይችላል። በተለምዶ «ሃይላንድ» የሚባለውንና ከ2 ሊትር የማይበልጠውን ቀለም የሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ አጥቦ፣ ጥሩ ውኃ ሞልቶና ከድኖ በቆርቆሮ ላይ ማጋደም ነው። ሙሉ ፀሐይ ባለበት ቀን 6 ሰዓት ይበቃል፤ ደመና ከበዛ ግን ሁለት ቀን በተከታታይ ይቀመጥ። የክረምት ዝናብ በማያቋርጥበት ወራት ይህ ዘዴ አይሠራም። ውኃው ለዚህ መጥራቱን ለማወቅ ጠርሙሱን በጋዜጣ አርእስት ላይ አቁሞ በአፉ በኩል ወደ ታች ማየት ነው፤ ፊደሉ ካልተነበበ ጨረሩም አያልፍምና እንደገና ይጠለል።

3ኛ፤ ሎሚ ስለማይችለው ነገር

ሎሚ ቅባትን ያስለቅቃል፤ የዓሣንም ጠረን ያጠፋል። ነገር ግን ብዙ ሰው የሎሚ ጭማቂና ሚጥሚጣ በጥሬ ሥጋ ውስጥ ያለውን የኮሶ ዕጭ የሚገድሉ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ዕጩ በሥጋው ውስጥ ተሸፍኖ የሚኖር ስለ ሆነ፣ አስተማማኝ ሆኖ የሚያጠፋው እስከ መካከሉ የደረሰ ሙቀት ነው። ስለዚህ ሥጋውን አብስሎ መብላት ይገባል።

4ኛ፤ ስለ ጨውና ስለ ስኳር

ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ከሰውነቱ ውኃና ጨው ስለሚያልቅ ነው። እንግዲህ «ሆዱ ይድረቅ» ብሎ ውኃ መከልከል በሽታውን ማገዝ ነው። በአንጀት ውስጥ ስኳርና ጨው አንድነት ሲገኙ ውኃን ወደ ደም ይስባሉ። በ1971 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የባንግላዴሽ ስደተኞች በሕንድ አገር በኮሌራ ሲያልቁ፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ስላለቀባቸው ይህንኑ መሰል ድብልቅ በአፍ እንዲጠጡ አደረጉ። ከ100 በሽተኞች 30 ገደማ ይሞቱ የነበሩት ወደ 4 ገደማ ወረዱ።

በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት ከሁሉ ይበልጣል። እስኪገኝ ድረስ ግን በቤት እንዲህ ይዘጋጃል፦ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ፣ ልክ ተደርጎ በተሰፈረ የሻይ ማንኪያ 6 ስኳርና ግማሽ ማንኪያ ጨው ማሟሟት ነው። ጨው ሲበዛ ሕፃኑን ይጎዳልና ስፍሩ በግምት አይሁን፤ ሲቀመስ ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ይደፋ። በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ይሰጥ፤ ሕፃኑ ካስመለሰ 10 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ይጀመር። የእናት ጡት አይቋረጥ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ይህ መጠጥ ተቅማጡን አያቆምም፤ የጠፋውን ውኃ ይተካል እንጂ። ዓይኑ የጎደጎደ፣ የፈዘዘ፣ መጠጣት ያቃተው ወይም ደም የቀላቀለ ሕፃን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

5ኛ፤ ሦስት ማስጠንቀቂያዎች

ሀ/ በረኪና ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር አይቀላቀል፤ ሳንባን የሚያቃጥል መርዛም ጋዝ ይወጣዋል።

ለ/ ነጭ ጋዝና በረኪና በውኃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጡ፤ ሕፃን መጠጥ መስሎት ይጠጣዋል። ጠጥቶ ከተገኘም እንዲያስመልስ አይገደድ፤ ወደ ሳንባው ገብቶ የባሰ ይጎዳዋልና ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ሐ/ ፍም ያለበት የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል አይታደርበት፤ የሚወጣው ጋዝ ቀለምም ሽታም ሳይኖረው የተኛውን ይገድላል።

መምህራን ሆይ! ከዚህ ውስጥ የስኳሩንና የጨውን ስፍር ብቻ እንኳ ተማሪዎቻችሁ በቃላቸው ቢይዙትና ማታ ለእናቶቻቸው ቢነግሩ፣ ሐኪም ከሚርቅበት ቤት ውስጥ አንድ ሕፃን ሊተርፍ ይችላል።