ቀነኒሳ በቀለ በሚዛን ላይ፤ የሃያ ሦስት ዓመት ሩጫ ምን አተረፈልን?

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ የማራቶን ሩጫ ታምራት ቶላ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አንደኛ ወጥቶ አገሩን በደስታ ሞላ። ከታምራት በኋላ ስድስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ 39ኛ ሆኖ፣ አንድ ሌላ ኢትዮጵያዊ የፍጻሜውን መሥመር አለፈ። የዚህ ሰው ዕድሜ 42 ዓመት ነበረ። ስሙም ቀነኒሳ በቀለ ነው።

የስፖርት ወዳጆች በዚህ ሰው ነገር በሁለት ወገን ተከፍለው ይከራከራሉ። አንዱ ወገን፦ «በክብሩ ጊዜ ቢያቆም ይሻለው ነበር፤ ስሙን በገዛ እግሩ አደበዘዘው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፦ «በዚያ ዕድሜ እዚያ መሰለፉ ብቻ ታሪክ ነው» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ የአዲስ አበባ ሰዎች ብቻ አይደለም፤ ጂንካ ላይም ተማሪዎችና ወጣት የቢሮ ሠራተኞች ሻይ ይዘው ሲቀመጡ የሚያነሡት ነው። እኛም ነገሩን በስሜት ሳይሆን በሚዛን ለማየት እንሞክር።

ለዚህ ጥያቄ መነሻ የሚሆን ነገር ከደቡብ ኦሞ ምድር ሩቅ አይደለም። ከጂንካ ወደ ማጎ ወርዶ የሙርሲዎችን አገር የጎበኘ ሰው ዶንጋ ስለሚባለው የዱላ ግጥሚያ ሳይሰማ አይመለስም። ሁለት ጎበዛዝት ረዣዥም ዱላ ይዘው በዳኛ ፊት ይፋለማሉ፤ ተጋጣሚን መግደል ግን ክልክል ነው። ተፋላሚዎቹ በአብዛኛው ገና ያላገቡ ወጣቶች ናቸው። ጊዜው ሲደርስ ጎበዙ ዱላውን ለታናናሾቹ ይተውና እርሱ ከዳኞችና ከተመልካቾች ወገን ይቆማል። መቼ ማቆም እንደሚገባው የሚነግረው ባህሉ ነው። በዘመናዊው ስፖርት ግን እንዲህ ያለ ደንብ የለም። ሯጩ ራሱ እስኪወስን ወይም ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ መንገዱ ክፍት ነው። ስለዚህ የቀነኒሳን ሥራ ስንመዝን፣ የሜዳልያውን ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ማንም ያልወሰነለትን ያን ረጅም ዘመን በምን እንደ ሞላውም ማየት አለብን።

የመጀመሪያው ዘመን

ቀነኒሳ ሰኔ 6 ቀን 1974 ዓ.ም. በአርሲ፣ በቆጂ አጠገብ ተወለደ። በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፣ ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራች ብርዳማ ከተማ ናት። በዚያም በአሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እጅ ሩጫን ተማረ። መጋቢት 1993 ዓ.ም. በቤልጂግ አገር በኦስተንድ ከተማ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር፣ በወጣቶች አንደኛ፣ በዐዋቂዎች አጭር ርቀት ሁለተኛ ሆኖ ለዓለም ታወቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማመን ያስቸግራል። ያን ጊዜ የዐዋቂ ወንዶች አገር አቋራጭ ውድድር ሁለት ዓይነት ነበረ፤ አጭሩ 4 ኪሎ ሜትር፣ ረጅሙ 12 ኪሎ ሜትር። አብዛኞቹ ሯጮች አንዱን መርጠው ይሮጣሉ። ቀነኒሳ ግን ከ1994 እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ አምስት ዓመት በተከታታይ ሁለቱንም አሸነፈ። በ1999 ዓ.ም. በሞምባሳ ሙቀት ተሸንፎ ሩጫውን አቋረጠ። በዓመቱ በኤዲንበርግ ጫማው ገና ከመነሻው ወለቀበት፤ ቆሞ አጠለቀና ተነሥቶ ሁሉንም አልፎ አንደኛ ወጣ። ይህ በዐዋቂዎች ውድድር 11ኛው ድሉ ነበር።

በመም ላይም እንዲሁ ነው። ግንቦት 23 ቀን 1996 ዓ.ም. በሆላንድ፣ በሄንግሎ፣ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሴኮንድ ሮጦ የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ክብረ ወሰን ሰበረ። ነሐሴ 20 ቀን 1997 ዓ.ም. በብራስልስ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሴኮንድ ጨረሰ። በአቴና ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ፣ የ5,000 ሜትር ብር አገኘ። በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ፤ ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ከሠራው ወዲህ ይህን የደገመ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ዓመት በበርሊን የዓለም ሻምፒዮና ያንኑ ድርብ ድል ፈጸመ። በ10,000 ሜትር ከጀመረበት ከ1995 ዓ.ም. አንሥቶ እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ የቀደመው ሰው አልተገኘም።

ይህ ሁሉ ግን ያለ ኀዘን የተገኘ አይደለም። ታኅሣሥ 26 ቀን 1997 ዓ.ም. እጮኛው፣ ራሷም ከ18 ዓመት በታች የ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የነበረችው ወጣት፣ አብረው ልምምድ ሲያደርጉ ወድቃ ዐረፈች። ሦስት ወር ሳይሞላ ወደ ፈረንሳይ ሄዶ ሁለቱንም የአገር አቋራጭ ውድድሮች አሸነፈ።

ሁለተኛው ዘመን

በ2002 ዓ.ም. ባቱ ታመመና ከውድድር ራቀ። ነሐሴ 2003 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ፣ በዴጉ፣ የዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትርን ሳይጨርስ ወጣ። «አበቃ» ተባለ። ሳምንታት ሳይቆዩ በብራስልስ 26 ደቂቃ ከ43.16 ሴኮንድ ሮጦ የዚያን ዓመት ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። በለንደን ኦሊምፒክ ግን አራተኛ ሆነ፤ ነሐሱን የወሰደው ታናሽ ወንድሙ ታሪኩ በቀለ ነበር።

ከዚህ በኋላ ወደ ማራቶን ዞረ። መጋቢት 2006 ዓ.ም. በመጀመሪያ ማራቶኑ ፓሪስን በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። መስከረም 2009 ዓ.ም. በበርሊን 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ3 ሴኮንድ ሲሮጥ ከዓለም ክብረ ወሰን የለየው 6 ሴኮንድ ነበር። መስከረም 2012 ዓ.ም. እንደ ገና በበርሊን፣ 37 ዓመት ሆኖት፣ በመካከሉ ወደ ኋላ ከቀረ በኋላ አንሠራርቶ ብርሃኑ ለገሰን አለፈና በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ ገባ። የኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ክብረ ወሰን 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ39 ሴኮንድ ነበር። ልዩነቱ ሁለት ሴኮንድ ነው፤ አንባቢ ሆይ፣ ዐይን ሁለት ጊዜ ቢርገበገብ ያልፋል።

ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በለንደን ሁለተኛ ሆኖ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ሲገባ፣ ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ ማራቶንን ይህን ያህል ፈጥኖ አልሮጠም ነበር። ወደ ፓሪስ ያስጠራውም ይህ ብርታቱ ነው እንጂ ይሉኝታ አይደለም።

የጎደለው

ሚዛን ግን ሁለት ጎን አለው። በጥር 2007 እና በጥር 2009 ዓ.ም. በዱባይ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በአምስተርዳም ማራቶኑን ጀምሮ ሳይጨርስ ወጥቷል። በአምስተርዳም የቀረው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። በሪዮና በቶኪዮ ኦሊምፒኮች ከኢትዮጵያ ቡድን ውስጥ አልነበረም። በማራቶን የዓለምን ክብረ ወሰን አልያዘም፤ ኃይሌ ግን በበርሊን ጎዳና ሁለት ጊዜ፣ በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. መስከረም፣ ሰብሮታል።

«ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ?» ለሚለው የቆየ ጥያቄም መልሱ እንደ መለኪያው ነው። በኦሊምፒክ ወርቅ ቀነኒሳ 3 ለ2 ይመራል፤ በዓለም ሻምፒዮና የ10,000 ሜትር ወርቅ አራት ለአራት እኩል ናቸው፤ ቀነኒሳ የ5,000 ሜትሩን አንድ ይጨምራል። በአገር አቋራጭ የሚወዳደረው የለም። ነገር ግን የማራቶን ክብረ ወሰን፣ በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ፣ ሰውን ከየቤቱ አውጥቶ ማስሮጥ፣ እነዚህ የኃይሌ ናቸው። አንዱን ለማግነን ሌላውን ማሳነስ አያስፈልግም።

የሚቀረው ውርስ

የቀነኒሳ ሁለቱ የመም ክብረ ወሰኖች 16 እና 15 ዓመት ከቆዩ በኋላ በነሐሴ 2012 እና በመስከረም 2013 ዓ.ም. በዩጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ተሰብረዋል። ቼፕቴጌ ሲሮጥ ፍጥነት የሚያመለክት መብራት በመሙ ዳር ይበራለት ነበር፤ ጫማውም አዲስ ዓይነት ነው። ይህ የአሸናፊውን ክብር አይቀንስም፤ የቀነኒሳ ሰዓት ምን ያህል ከዘመኑ ቀድሞ እንደ ነበር ግን ያሳያል። ቢሆንም ክብረ ወሰን ሁሉ አንድ ቀን ይሰበራል። ሜዳልያም በሣጥን ውስጥ ይቀመጣል።

የማይሰበረው ሌላ ነው። ቀነኒሳ ከወደቀበት የተነሣው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ከኤዲንበርግ ጫማ፣ ከዴጉ ሽንፈት፣ ከአምስተርዳም መንገድ ደጋግሞ ተመልሷል። የተመለሰውም ለስሙ ሲባል እንዲሁ ለመታየት ሳይሆን፣ በ41 ዓመቱ እንኳ ከዓለም ፈጣኖች ጎን ለመሮጥ ነው። ፓሪስ ላይ 39ኛ መሆኑ ይህን ሊያጠፋ አይችልም። በክብር ጊዜ ማቆም ጥበብ ነው፤ ማንም የማያስገድድህን ሥራ እስከ መጨረሻው መፈጸም ደግሞ ሌላ ክብር ነው።

ይህን ውርስ ለመቀበል በበቆጂ መወለድ አያስፈልግም። የጂንካ ወጣት የከተማው ከፍታ የበቆጂን ግማሽ ያህል መሆኑን አስቦ «ሩጫ የደጋ ሰው ዕጣ ነው» ሊል ይችላል። አየሩ አይወረስም፤ ከሽንፈት ማግስት ማለዳ ተነሥቶ ልምምድ መጀመር ግን በቆላም በደጋም፣ በትምህርት ቤትም በቢሮም የሚወረስ ነው።

ለእኛ የቀረው ጥያቄ ሌላ ነው። ሙርሲዎች ዱላውን ያስቀመጠ ጎበዝ ከሜዳው እንዳይጠፋ ለእርሱ የሚሆን ቦታ አዘጋጅተዋል፤ ወጣቶቹ ሲፋለሙ ይዳኛል፣ ይመክራል። ሃያ ሦስት ዓመት በዓለም ሜዳ የከረመ ሰው ያካበተውን ዕውቀትስ ማን ይቀበለዋል? ስለ ጉዳት፣ ስለ ልምምድ፣ ስለ ውድድር ብልሃት የሚያውቀውን ለታናናሾቹ የሚያስተላልፍበት ወንበር ካላዘጋጀንለት፣ ስሙን አደበዘዘ የምንባለው እኛ እንጂ እርሱ አይሆንም።