በተሰራጨ ካንሰር ላይ የሚደረጉ የመድኃኒት ሙከራዎች፦ የበሽታው መገታትና የዕድሜ መራዘም

ካንሰር ከተነሳበት የሰውነት ክፍል አልፎ ከተሰራጨ በኋላ ፈጽሞ የመዳን ዕድል አብዛኛውን ጊዜ ጠባብ ነው። ስለሆነም አዲስ መድኃኒት ሲቀርብ ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ፤ ታካሚው ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራልን? የሚኖረውስ ጊዜ ከስቃይ የቀለለ ነውን? ክሊኒካዊ ሙከራ ለእነዚህ መልስ የሚሰጥ መሆን ይኖርበታል።

ሙከራው በደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያው ደረጃ ጥቂት ህሙማን የሚሳተፉ ሲሆን፣ ዋና ዓላማውም ሰውነት ሊቋቋመው የሚችለውን የመድኃኒት መጠን መለየት ነው። በሁለተኛው ደረጃ መድኃኒቱ በዕጢው ላይ ያለው ኃይል ይመረመራል። በሦስተኛው ደረጃ ብዙ ህሙማን በዕጣ ተመድበው አዲሱ ሕክምና በሥራ ላይ ካለው ጋር ይነጻጸራል።

የዕድሜን መራዘም ማረጋገጥ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ፣ በሽታው ሳይባባስ የሚቆይበት ጊዜ በምትኩ እንደ መለኪያ ያገለግላል። ሁለቱ ግን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ለዚህም የቤቫሲዙማብ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ይህ መድኃኒት ዕጢው አዳዲስ የደም ሥሮችን እንዳያበቅል የሚከላከል ነው። በተሰራጨ የጡት ካንሰር በተያዙ ሴቶች ላይ በተደረገ የሦስተኛ ደረጃ ሙከራ ፓክሊታክሰል ብቻ በወሰዱት ዘንድ በሽታው ሳይባባስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ 5.9 ወር ሲሆን፣ ቤቫሲዙማብ በተጨመረላቸው ዘንድ 11.8 ወር ሆነ። በሕይወት የቆዩበት ጊዜ ግን 25.2 እና 26.7 ወር በመሆኑ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ትርጉም ያለው አልነበረም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በየካቲት 2008 እ.ኤ.አ. የተፋጠነ ፈቃድ ሰጠ፤ ተጨማሪ ሙከራዎችም ተጠበቁ። በእነዚህ ላይ የታየው ጥቅም ከመጀመሪያው ያነሰ ከመሆኑም በላይ የዕድሜ መራዘም አልተገኘም። በአንጻሩ የደም ግፊት፣ የደም መፍሰስና የአንጀት መበሳት ታዩ። በኅዳር 2011 እ.ኤ.አ. ለጡት ካንሰር የተሰጠው ፈቃድ ተነሳ። ለሌሎች የካንሰር ዓይነቶች ግን መድኃኒቱ በሥራ ላይ ይገኛል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለጤና ባለሙያው ግልጽ ነው። ስለ አዲስ መድኃኒት የቀረበ ጽሑፍ ሲነበብ የተለካው ምን እንደሆነ፣ ከምን ጋር እንደተነጻጸረና ምን ጉዳት እንደደረሰ አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። «ዕጢው ተገታ» ማለት «ዕድሜ ተራዘመ» ማለት አይደለም።

በሙከራ እንዲሳተፍ ለሚጠየቅ ታካሚም ይህንኑ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ግዴታ ነው። በተለይ የመጀመሪያው ደረጃ ሙከራ በዋናነት ዕውቀት ለማግኘት የሚደረግ መሆኑን፣ እምቢ ቢል ወይም በመካከል ቢያቋርጥ ሌላው ሕክምናው እንደማይጓደልበት፣ የሕመም ማስታገሻውና እንክብካቤውም እንደማይቋረጥበት ሊነገረው ይገባል። ተስፋ ከእውነት ጋር ሲሰጥ ታካሚው በቀረው ጊዜ ላይ ራሱ መወሰን ይችላል።