በጓዳችን ያደፈጠ ጠላት

እንጀራ በሚጋገርበት አንድ ማለዳ በአንድ ወታደር ቤተሰብ ማድቤት ደጃፍ ላይ ቆመን ነበር። መስኮት የሌላት፣ ግድግዳዋና ጣራዋ በጥላሸት የጠቆረ ጠባብ ክፍል ናት። ወይዘሮዋ ሕፃን ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ እርጥብ እንጨት እየማገዱ፣ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ምጣዱን ያሰሳሉ። ሕፃኑ ያስላል። እኛ ከደጃፉ ላይ አምስት ደቂቃ መቆም ተሳነን። ጭሱን እንዴት እንደቻሉት ብንጠይቃቸው እንደለመዱት ነገሩን።

ዓይን ይለምደው ይሆናል፤ ሳንባ ግን ጭስን አይለምድም። በማገዶ ጭስ ውስጥ ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጥ፣ ከሰው ጠጉር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል የሚያንሱ ደቃቅ ብናኞች ይገኛሉ። እነዚህ አፍንጫና ጉሮሮ ሳያግዷቸው እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃሉ፤ ከዚያም አልፈው ወደ ደም ይገባሉ። ስለሆነም የሚያስከትሉት ሳልን ብቻ ሳይሆን የሳንባ ምችን፣ የልብ ድካምን፣ በአንጎል ውስጥ የደም መፍሰስን ወይም መርጋትንና የሳንባ ካንሰርን ጭምር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ የቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ሰዎችን ለሞት ዳርጓል። ከእነዚህም መካከል ከ237 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው።

ጭስ የማይታይበት ከሰልም ቢሆን ወዳጅ አይደለም። ከፍም ላይ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ቀምቶ ይይዛልና ሰውየው በመጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ከተኛም ላይነቃ ይችላል። በደጋ ብርድ የጥበቃ ጎጆውን ዘግቶ ምድጃ አቅፎ የሚያድር ዘብም፣ ልጆቹን ለማሞቅ ፍም ወደ መኝታ ክፍል የሚያስገባ አባወራም ይህን ሊያውቁ ይገባል። ከሰሉ ደኅና ቀልቷል ማለት መርዙ አልቋል ማለት አይደለም። ከሰል የመታው ሰው ሲገኝ በቅድሚያ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ማድረስ ያሻል።

የቤቱ ጭስ ደግሞ በቤቱ አይቀርም። ከየማድቤቱ የሚወጣው ጢስ፣ ከተሽከርካሪዎች ጭስና ከሚቃጠለው ቆሻሻ ጋር ተደባልቆ የከተማው አየር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 የለንደን ከተማ በድንጋይ ከሰል ጭስና በጉም ለአምስት ቀናት በታፈነች ጊዜ፣ በመጀመሪያው ቆጠራ ብቻ 4 ሺህ ያህል ሰዎች አልቀዋል። የአገሪቱም ምክር ቤት በ1956 የአየር ንጽሕና ሕግ ለማውጣት ተገዷል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እንጨቱን ፈልጦ በፀሐይ ማድረቅ፣ ማድቤቱን ከመኝታ ቤት መለየት፣ ትይዩ የሆኑ መስኮቶችን መክፈት፣ ሕፃናትን ከእሳት ዳር ማራቅ፣ እሳት ለማያያዝ ፕላስቲክና ጎማ አለማንደድ ከማንም አቅም በላይ አይደለም። መብራት ባለበት የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ በሌለበት የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ይመረጣል። ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቆጥባል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ ነፍስን ግን ሊያድን ይችላል።

ያን ማድቤት ስንሰናበት የቤቱ አባወራ በዕረፍት ቀኑ ግድግዳውን ነድሎ መስኮት ለማውጣት ቃል ገብቶልናል። አንድ መስኮት ጉዳቱን ሁሉ አያስወግድም፤ መጀመሪያ ግን ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሰውን ደጃፍ ሲጠብቅ የሚያድር ወታደር፣ የገዛ ልጁን ትንፋሽ ሳይጠብቅ ሊቀር አይገባውም እንላለን።