ፊልምን በማን ሚዛን እንመዝን?

ዛሬ አንድ ቤተሰብ ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ፊልም ለማየት ቢቀመጥ፣ ከፊልሙ አስቀድሞ የሚያገኘው ቁጥርና ምልክት ነው። ኔትፍሊክስ፣ አማዞን ፕራይም፣ ዲዝኒ ፕላስና እነርሱን የመሰሉ በኢንተርኔት ፊልም የሚያሳዩ አገልግሎቶች በፊልሙ ሥዕል አጠገብ የዕድሜ ገደብ ይጽፋሉ፤ «በዚህ ሳምንት በብዛት የታየ» ይላሉ፤ ሌሎች ድረ ገጾች ደግሞ ኮከብና መቶኛ ይሰጣሉ። ብዙ ወላጆች፣ በተለይም በውጭው ዓለም የሚኖሩና እንግሊዝኛው እንደ ልጆቻቸው የማይቀናቸው፣ ይህን ሁሉ እንደ አንድ ምስክር ይቀበሉታል። ልጁ «ደረጃው ጥሩ ነው» ካለ ነገሩ ያበቃል። ደረጃውን ማን እንደ ሰጠው፣ ምን ተጠይቆስ እንደ ሰጠው የሚመረምር ጥቂት ነው።

ሁሉን መመርመርን ከሐዋርያው ተምረናል (1ኛ ተሰ. 5፥21)። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ምልክቶቹ ከየት እንደ መጡና እያንዳንዳቸው የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልሱ እናያለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዕድሜ ገደቡ እንጀምር። የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች በ1930 ዓ.ም. በፊልም ሊታይ የሚገባውንና የማይገባውን የሚወስን ደንብ ጻፉ፤ ደንቡ በጥብቅ መሠራት የጀመረው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን አንድ ፊልም ወይ ያልፋል ወይ አያልፍም፤ «ለአዋቂ ይሁን፣ ለሕፃን አይሁን» የሚል ክፍፍል በደንቡ አልነበረም። በ1968 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደንቡ ቀርቶ በምትኩ የፊደል ምልክቶች መጡ። ዛሬ የምናያቸው «ጂ»፣ «ፒጂ»፣ «አር» የሚባሉት የዚያ ሥርዓት ልጆች ናቸው። «ጂ» ለሁሉ የሚሆን ማለት ነው፤ «ፒጂ» ወላጅ እንዲያስብበት ያሳስባል፤ «አር» ደግሞ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ ሌላ አሳዳጊ ሲኒማ ቤት እንዳይገባ ይከለክላል። «ፒጂ-13» የተጨመረው በ1984 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት «ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ቴምፕል ኦፍ ዱም» እና «ግሬምሊንስ» የተባሉት ፊልሞች «ፒጂ» ተብለው ወጥተው ሕፃናትን ስላስደነገጡ ወላጆች ቅሬታ አሰሙ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል አንድ ደረጃ ማስፈለጉም ታመነበት።

ይህን ታሪክ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ምልክቱን የሚሰጠው ቦርድ አባላት ወላጆች ናቸው፤ መለኪያቸውም አብዛኛው የአሜሪካ ወላጅ ስለ ፊልሙ ምን ይል ነበር የሚለው ግምት ነው። እንግዲህ ሚዛኑ የቆመው በሕዝቡ ልማድ ላይ ነው፤ ልማዱ ሲላላ ሚዛኑም አብሮ ይላላል። አንድ ፊልም በሁለት አገር ሁለት ስም የሚይዘውም ከዚሁ የተነሣ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው «ዘ ፓሽን ኦፍ ዘ ክራይስት» በአሜሪካ «አር» ተባለ፤ ከወላጁ ጋር የመጣ የዐሥር ዓመት ልጅም ገብቶ ሊያየው ይችል ነበር። በብሪታንያ ግን «18» ስለ ተባለ ከወላጁ ጋር ቢመጣም አይገባም። ግርፋቱም ደሙም ያው ነው።

በቤታችን የሚታየው ምልክት ግን ብዙ ጊዜ ከዚህም የተለየ ነው። «ቲቪ-14» እና «ቲቪ-ኤምኤ» የሚሉት ምልክቶች በአሜሪካ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለቴሌቪዥን የተዘጋጁ ናቸው፤ የመጀመሪያው ከ14 ዓመት በታች ለሆኑ የማይመች መሆኑን፣ ሁለተኛው ለአዋቂ ብቻ የተዘጋጀ መሆኑን ይናገራል። እነዚህን የሚሰጠው ከውጭ የተቀመጠ ቦርድ ሳይሆን ዝግጅቱን የሚያሰራጨው ድርጅት ራሱ ነው። የስትሪሚንግ አገልግሎቶች የራሳቸውን ሥራ ሲያቀርቡም በአብዛኛው ይህንኑ ምልክት ራሳቸው ይለጥፉበታል። በብሪታንያ ኔትፍሊክስ የሚጠቀመው በ1912 ዓ.ም. የተቋቋመው የፊልም ደረጃ መዳቢ ቦርድ ያወጣውን መለኪያ ነው፤ ምልክቱን የሚያወጣው ግን በቦርዱ ዕውቅናና ክትትል ኔትፍሊክስ ራሱ ነው። ይህን ስንል ድርጅቶቹ ይዋሻሉ ማለታችን አይደለም። ሻጩና መዛኙ አንድ መሆናቸውን ገዥው ዐውቆ ይግዛ ለማለት ነው።

ደግሞስ የሚመዝኑት ምንድን ነው? ደም መፋሰስን፣ ዕርቃንን፣ ነውረኛ ቃልን፣ አደንዛዥ ዕፅን ነው። እነዚህን መቁጠር ለወላጅ ትልቅ አገልግሎት ስለሆነ ልንንቀው አይገባም። ነገር ግን በቀልን እንደ ጀግንነት የሚያስተምር፣ ለወላጅ መታዘዝን እንደ ሞኝነት የሚያሳይ፣ ጸሎትን የሚያላግጥ ፊልም አንድም ስድብና አንድም ዕርቃን ሳይኖርበት «ለሁሉ የሚሆን» ተብሎ ሊያልፍ ይችላል። ምልክቱ ዓይን የሚያየውን ይቈጥራል፤ ፊልሙ ምን እያሳመነን እንደ ሆነ አይጠይቅም።

ወደ መቶኛው እንለፍ። «ሮተን ቶማቶስ» የተባለው ድረ ገጽ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የፊልም ሐያስያንን ሂስ እየሰበሰበ ለእያንዳንዱ ፊልም መቶኛ ይሰጣል። ብዙዎች 90 በመቶ ሲያዩ «ከመቶ 90 ያገኘ ጎበዝ ተማሪ» አድርገው ይረዱታል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው ከሐያስያኑ ምን ያህሉ ፊልሙን እንደ ወደዱት እንጂ ምን ያህል እንደ ወደዱት አይደለም። ዐሥር ሐያስያን ሁሉም «ደኅና ነው፣ ክፉ አይደለም» ቢሉ ፊልሙ 100 በመቶ ያገኛል። ሰባቱ «ድንቅ ነው» ብለው ሦስቱ ቢጠሉት ግን 70 ብቻ ይሆናል። 60ና ከዚያ በላይ ያገኘው ቀይ ቲማቲም ይሰጠዋል፤ ከዚያ በታች የሆነው የፈረጠ አረንጓዴ ቲማቲም ይደረግበታል። «አይኤምዲቢ» የተባለው ደግሞ ከአንድ እስከ ዐሥር የሚሰጠው ነጥብ ከተመዘገበ ተመልካች ሁሉ የሚሰበሰብ ድምፅ ነው፤ ባለቤቱም ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ራሱ ፊልም አቅራቢ የሆነው አማዞን ነው።

ኔትፍሊክስ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ አምስት ኮከብ ያስጠቅም ነበር፤ በዚያው ዓመት ኮከቡን ትቶ የአውራ ጣት ምልክት አመጣ፤ ከፊልሙ ጎንም ከተመልካቹ ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ የሚገልጽ መቶኛ ጻፈ። ይህ መቶኛ የፊልሙ ደረጃ አልነበረም። ከዚህ በፊት ካያችሁት በመነሣት «ይህንም ትወዱታላችሁ» የሚል ግምት ነበር፤ ለባልና ለሚስት በየገጻቸው ስለ አንድ ፊልም የተለያየ ቁጥር ሊወጣ ይችል ነበር። ነፍሰ ገዳይ ያለበትን ታሪክ ዘወትር ለሚያይ ሰው ነፍሰ ገዳይ ያለበት ሌላ ታሪክ ከፍ ያለ ቁጥር ያገኝ ነበር። «በብዛት የታዩ ዐሥር» የሚለውም ዝርዝር ሰዎች ፊልሙን በማየት ያጠፉትን ሰዓት በፊልሙ ርዝመት በማካፈል የሚገኝ ነው። እየተጸየፈ እስከ መጨረሻው ያየውም ሰው ይቈጠራል።

ጉዳዩን በአንድ ፊልም እንየው። በ2014 ዓ.ም. የወጣው «ኖኅ» የተሰኘው የዳረን አሮኖፍስኪ ፊልም በአሜሪካ «ፒጂ-13» ነው፤ ምክንያቱ ግጭት፣ የሚያስጨንቁ ትዕይንቶችና ጥቂት አሳሳች ነገር ናቸው። ከሐያስያኑ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ወደውታል፤ ከተራው ተመልካች ግን ከግማሽ በታች ነው የወደደው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይዞ አንድ ኦርቶዶክሳዊ አባት ምን ይወስናል? በፊልሙ ውስጥ ትጉሃን የተባሉት የወደቁ መላእክት በድንጋይ ተሸፍነው መርከቡን ሲሠሩ ኖኅን ይረዱታል፤ ሲሞቱም ወደ ሰማይ ያርጋሉ። የእነዚህ ትጉሃን ነገር በሰፊው የሚገኘው ሙሉው በግእዝ በተጠበቀልን በመጽሐፈ ሄኖክ ነው፤ በዚያ ግን ትጉሃኑ ለሰው ልጆች የጦር መሣሪያንና አስማትን ያስተማሩ፣ ሄኖክ እንዲለምንላቸው ጠይቀው ልመናቸው ያልተሰማ፣ ታስረው ፍርድ የሚጠብቁ ናቸው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 የተጠቀሱት የእግዚአብሔር ልጆችም በሊቃውንቶቻችን ትርጓሜ ደቂቀ ሴት ናቸው። ከዚህም ሌላ በፊልሙ ያለው ኖኅ የሰው ዘር እንዲጠፋ ፈልጎ የገዛ ልጁን ሕፃናት ሊገድል ቢላዋ ያነሣል፤ ከጥፋት ውኃ የተረፉት ስምንት ነፍሳት ከነሚስቶቻቸው ወደ መርከብ መግባታቸውም (ዘፍ. 7፥13) በፊልሙ ተለውጧል።

ይህን ሁሉ «ፒጂ-13» አይነግረንም፤ 75 በመቶም አይነግረንም። ሊነግሩንም አልተዘጋጁም። ስለዚህ ፊልሙ አይታይ ወደሚለው አንቸኩልም፤ መጽሐፈ ሄኖክን ያነበበ ወጣት ፊልሙን አይቶ ልዩነቱን በአግባቡ ሊያስረዳ ይችላል፤ ታሪኩን መጀመሪያ ከፊልሙ የሰማ የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ግን ድንጋዮቹን ከኖኅ ጋር አብሮ ይዞ ያድጋል።

እንግዲህ የራሳችን ሚዛን ምን ይምሰል? በ1930ዎቹ የአሜሪካ ካቶሊካውያን ፊልሞችን እየመደበ «የተወገዘ» እስከ ማለት የሚደርስ ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ ምእመናኑም የተወገዘውን ላለማየት ቃል ይገቡ ነበር። ኃይሉ ብርቱ ስለ ነበረ ፊልም ሠሪዎች ሥራቸውን እስከ መቁረጥ ደርሰዋል። የዚህ ዓይነቱ ዝርዝር ግን ምእመኑን የሚያስታጥቀው በስም እንጂ በምክንያት አይደለም፤ በዝርዝሩ ያልተጻፈ ፊልም ሲመጣ እጁን አጣጥፎ ይቀራል። በየዕለቱ አዲስ ፊልም በሚወጣበት በዛሬው ጊዜ ደግሞ ዝርዝሩ ሁልጊዜ ኋላ ይቀራል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በቁስጥንጥንያ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያንን ትቶ ወደ ሰረገላ ውድድርና ወደ ቲያትር በመሄዱ አጥብቆ ገሥጿል፤ ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ ወጣቶች የአረማውያንን መጻሕፍት እንዴት ማንበብ እንዳለባቸው ሲመክር አበባ የምትመርጠዋን ንብ ምሳሌ አድርጎላቸዋል። ሁለቱን አባቶች አንድ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል።

በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ፊልም የሚወዱ ወጣቶች ሞልተዋል። እነርሱ ለወላጆች አጭር ግምገማ በአማርኛ ቢጽፉ ከኮከቡ የተሻለ ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ግምገማው በፊልሙ ምን እንደሚታይ ሳይሸሽግ ይናገር፤ ወላጁ ራሱ እንዲወስን። ከዚያ ዋናውን ይጠይቅ፦ ፊልሙ ማንን እንድንወድ፣ ማንንስ እንድንጠላ አደረገን? ኃጢአትን ካሳየ ፍሬውንም አሳየ ወይስ ጣዕሙን ብቻ? ሥራው በጥበብ የተሠራ ከሆነም ይመስገን፤ በውሸት ከማጥላላት እውነተኛ ምስጋና የበለጠ ይታመናል።

ለዚህ ጥሩ መለማመጃ የሚሆነው የጎንደር ተወላጁ ኃይሌ ገሪማ በ1993 ዓ.ም. የሠራው «ሳንኮፋ» ነው። አከፋፋዮች አንቀበልም ስላሉት በየከተማው ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ያሳየው ይህ ፊልም በ2021 ዓ.ም. ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጥቷል። በጋና ከነበረው የባሪያ ንግድ ምሽግ ተነሥቶ ወደ እርሻ ባርነት ይወስደናል፤ ግርፋትና መደፈር አለበት፤ ለሕፃን በፍጹም አይሆንም። በፊልሙ ያለው ቄስ ደግሞ ከባሪያ አሳዳሪዎቹ ጎን የቆመ ነው፤ የእመቤታችን ሥዕልም አንድን ወጣት ከእናቱ ለመለየት መሣሪያ ሲሆን ይታያል። ይህ አንጀት የሚያቃጥል ትዕይንት ነው። ሆኖም ገምጋሚው ተቆጥቶ «ጸረ ማርያም» ብሎ ቢዘጋው ትልቁን ነገር ያልፈዋል፤ የሚታየው ባሪያ ፈንጋዮች ክርስትናን ምን እንዳደረጉት ነውና። ለታላላቅ ወጣቶች፣ ከመምህር ጋር፣ ውይይት ተጨምሮበት ቢታይ መልካም ነው እንላለን፤ በዐቢይ ጾም ሳይሆን።

በመጨረሻ ለወላጆች አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። በኔትፍሊክስ የሂሳብ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ የተለየ ገጽ መክፈት፣ የዕድሜ ገደብ መወሰን፣ አንድን ፊልም በስሙ መዝጋት፣ የወላጆችን ገጽ በምስጢር ቁጥር መቆለፍ፣ ልጁ ያየውን ዝርዝር ማንበብ ይቻላል። ሁሉም ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅም። አንዱ ክፍል ሲያልቅ ቀጣዩ በራሱ እንዳይጀምር የሚያደርገውን ማስተካከያም እዚያው ታገኙታላችሁ፤ እርሱን ለልጆች ብቻ ሳይሆን ሌሊቱን በተከታታይ ፊልም አንግተው ማለዳ ኪዳን ለሚያመልጣቸው ለእኛም እንድታጠፉት እንመክራለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።