ባለ ሁለት ሞተር ሄሊኮፕተር ስለ መምረጥ

በናይሮቢ ከተማ ሁርሊንግሃም በሚባለው ሰፈር ለሚኖር ሰው የሄሊኮፕተር ድምፅ እንግዳ ነገር አይደለም። በስተ ደቡብ የዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ ነው፤ የኬንያ መከላከያ ሚኒስቴር ዋና መሥሪያ ቤትም በዚያው አካባቢ በሌናና መንገድ ላይ ይገኛል። ሰፈሩን አቋርጦ የሚያልፈው ትልቁ መንገድ ቀድሞ የሁርሊንግሃም መንገድ ይባል ነበር፤ ኋላ ግን በ1969 በሞቱት ሚኒስትርና የመጀመሪያው ኬንያዊ አፍሪካዊ ጠበቃ በነበሩት በአርግዊንግስ ኮድሄክ ስም ተሰይሟል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።)

በዚህ ሰፈር ከሚኖሩት ያገራችን ተወላጆች መካከል ባልየው የሄሊኮፕተር መካኒክ ከሆኑበት ከአንድ ቤት አንድ እሑድ ቀን ቡና ተጠርተን ሄድን። ከእንግዶቹ አንዱ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የግዥ ሹም ሲሆኑ፥ ለበሽተኛ ማመላለሻና ለአስቸኳይ ሥራ የሚውል ሄሊኮፕተር ለማስመረጥ የመጡ ናቸው። ቡናው ከተቀዳ በኋላ የቤቱ እመቤት እንዲህ ሲሉ ጠየቋቸው።

«ጋሼ፥ እርስዎ የሚገዙት ሄሊኮፕተር ሞተሩ ስንት ነው?»

«ሁለት ነው እኅቴ፤ አይዞሽ።»

«እንዲያ ከሆነ አይወድቅም ማለት ነው?»

ሹሙ ፈገግ አሉ። ባልየው ግን ሲኒያቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ። እኔም የዚያን ዝምታ ምክንያት ለመረዳት ስል ነገሩን ስጠይቅና ስመረምር ሰነበትሁ።

ወይዘሮዋ እንዲህ ብለው መጠየቃቸው ለኬንያ ኗሪ አያስደንቅም። ጁን 10 ቀን 2012 አንድ የፖሊስ ሄሊኮፕተር ከናይሮቢ ወጣ ብሎ በንጎንግ አጠገብ ወድቆ የአገር ውስጥ ጸጥታ ሚኒስትሩን ፕሮፌሰር ጆርጅ ሳይቶቲን፥ ምክትላቸውን ኦርዋ ኦጆዴን፥ ሁለቱን አብራሪዎችና ሁለት አጃቢዎችን ገደለ። ኤፕሪል 18 ቀን 2024 ደግሞ የኬንያ ጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ፍራንሲስ ኦጎላ ከዘጠኝ ሰዎች ጋራ በኤልጌዮ ማራክዌት አውራጃ በወደቀ ሄሊኮፕተር ሞቱ፤ ከአሥራ ሁለቱ ተሳፋሪዎች የተረፉት ሁለት ብቻ ነበሩ። የፊተኛው ሄሊኮፕተር የዩሮኮፕተር ሥራ ኤ ኤስ 350፥ የኋለኛው የቤል ሥራ የሆነው አሮጌው ሂዩ ሲሆን፥ ሁለቱም ባለ አንድ ሞተር ነበሩ። ከዚህ የተነሣ በብዙ ቤት «ሞተሩ ሁለት ቢሆን ኖሮ» የሚል ቃል ይሰማል።

ሁለተኛው ሞተር የሚሠራው ሥራ ግን ሕዝብ እንደሚያስበው ያለ አይደለም። ባለ አንድ ሞተር ሄሊኮፕተር እንኳ ሞተሩ በጠፋ ጊዜ እንደ ድንጋይ አይወድቅም፤ አብራሪው ፈጥኖ ካወቀና በቂ ከፍታ ካለው፥ ከታች የሚመጣው ነፋስ የላይኛውን ክንፍ እያሽከረከረለት ወደ መሬት ይወርዳል። ችግሩ ወዴት እንደሚያርፍ ነው፤ ከበታቹ ከተማ ወይም ጫካ ወይም ገደል ያለ እንደሆነ መልካም ዕድል የለውም። ባለ ሁለቱ ሞተር ሄሊኮፕተር እንግዲህ የሚገዛው ጊዜና ስፍራ ነው። አንዱ ሲጠፋ የቀረው ሞተር ለጥቂት ደቂቃዎች ከወትሮው በላይ እየተጋ መኪናውን ደኅና ወደ ሆነ ቦታ ያደርሰዋል። በከተማ መካከል ከሚገኝ የሆስፒታል ሰገነት የሚነሣ ሄሊኮፕተር ሁለት ሞተር እንዲኖረው በብዙ አገር የሚጠየቀውም ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው የቀረው ሞተር ብቻውን ሸክሙን መሸከም ሲችል ነው፤ ለእኛ አገርና ለኬንያ ዋናው ጉዳይ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። የዊልሰን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,690 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ የአዲስ አበባው ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። በከፍታ ላይ አየር ይሳሳል፤ አየር ሲሳሳ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንሰዋል፥ ክንፉም የሚገፋው ያጣል። ሙቀት ሲጨመርበት አየሩ ይብሱን ይሳሳል። በዊልሰን ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነ ቀን ሄሊኮፕተሩ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ ይሠራል፤ ቦሌ ላይ በ22 ዲግሪ ቀን ግን ከ3,000 ሜትር በላይ እንዳለ መቁጠር ያስፈልጋል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገር ሙሉ ጭኖ በአንድ ሞተር የሚበር መኪና፥ እዚህ ሙሉ ጭኖ አንዱ ሞተር ቢጠፋበት ቀስ እያለ መውረዱ አይቀርም። በአብራሪዎች ዘንድ «ሁለተኛው ሞተር ወደሚወድቅበት ቦታ ያደርስሃል» የሚባል የቆየ ቀልድ አለ።

ሞተር ብዙ መሆኑ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን የግላስጎው ነገር ያስረዳል። ኖቬምበር 29 ቀን 2013 ማታ በስኮትላንድ በግላስጎው ከተማ አንድ የፖሊስ ኢ ሲ 135 ሄሊኮፕተር በመጠጥ ቤት ጣሪያ ላይ ወድቆ አሥር ሰዎች ሞቱ፤ ሦስቱ በውስጡ የነበሩ፥ ሰባቱ በመጠጥ ቤቱ የነበሩ ናቸው። ሁለቱ ሞተሮች ተከታትለው ጠፍተው ነበር። መርማሪዎቹ በ2015 ባወጡት መግለጫ እንዳስታወቁት በዋናው ታንክ ውስጥ ነዳጅ ነበረ፤ ነዳጁን ከዋናው ታንክ ሞተሮቹን ወደሚመግቡት ትንንሽ ታንኮች የሚያስተላልፉት ፓምፖች ግን ተዘግተው ነበር። በ2020 በካሊፎርኒያ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ኮቢ ብራያንትን ከስምንት ሰዎች ጋራ የገደለው ሄሊኮፕተርም ባለ ሁለት ሞተር ነበር፤ ኮረብታ ላይ የጣለው ደመና ውስጥ መግባቱ ነው። ለደመናና ለተዘጋ ፓምፕ ሦስተኛ ሞተር ቢጨመር እንኳ መድኃኒት አይሆንም።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። በዚህ ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚወዳደሩት አራት ናቸው፤ የኤርባስ ኤች 135 እና ኤች 145፥ የቤል 429፥ የሊዮናርዶ ኤ ደብልዩ 109። የኢጣልያው 109 ከሁሉ የቆየ ዘር ነው፤ የፊተኛው ናሙና በ1971 በረረ። ጎማዎቹን ወደ ውስጥ ስለሚሰበስብ ፈጣን ነው፤ ለሹማምንት መንገድ የሚወደደውም ለዚህ ነው። ጭቃና ድንጋይ ላለበት ሜዳ ግን እኔ የብረት አግዳሚ እግር ያለውን እመርጣለሁ፤ ፋብሪካውም ይህን ተረድቶ ትሬከር የሚባለውን ባለ አግዳሚ እግር አውጥቷል። ቤል 429 በ2007 የበረረ ሲሆን ክብደቱ ሲነሣ 3,175 ኪሎ ድረስ ነው። ኤች 135 ከእርሱ ጥቂት ያንሳል፤ የጅራቱ ማሽከርከሪያ በክብ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ ቃሬዛ ይዘው ለሚሯሯጡ ሰዎች አደጋው ያነሰ ነው፤ በሽተኛም በስተኋላ ባለው ሁለት በር በቀጥታ ይገባል። በገጠር፥ ሰው ሁሉ ሊያይ በሚከብበት ቦታ፥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኤች 145 ከሁሉ ትልቁ ነው። ባለ አምስት ክንፉ በ2020 ፈቃድ ያገኘ ሲሆን እስከ 3,800 ኪሎ ይነሣል። ሴፕቴምበር 25 ቀን 2019 በአርጀንቲና በአኮንካጉዋ ተራራ ጫፍ፥ 6,962 ሜትር ላይ አርፏል፤ ሻጮቹም ይህን ሳያነሡ አይውሉም። እውነት ነው፥ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ያን ቀን የተሳፈሩት ሁለት ሰዎች ብቻ እንደ ነበሩ ማስታወስ ይገባል። ሐኪም፥ አስታማሚ፥ በሽተኛና ኦክሲጅን የተጫነበት መኪና ሌላ ነው።

የእኔ አሳብ ቢጠየቅ ለደጋ አገር ኤች 145ን አስቀድማለሁ። ምክንያቱ ተራራው ብቻ አይደለም። በሞተርነት የሚጠቀመው አሪየል የሚባለውን ሲሆን፥ በምሥራቅ አፍሪካ በብዛት የሚታየው ኤ ኤስ 350ም የዚሁ ቤተሰብ ሞተር ነው ያለው፤ ስለዚህ እጁ የለመደ መካኒክ ማግኘት ይቀላል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ሁለት ሞተር ማለትም ሁለት ጥገና፥ ሁለት እድሳት፥ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ሁለት የመለዋወጫ ሒሳብ ነው። መግዣ ተገኝቶ ማደሻ የታጣለት ሄሊኮፕተር በሣር መካከል ቆሞ ሲዝግ ማየት ለማንም አያስደስት።

ወደ ሁርሊንግሃሙ ቤት ልመለስ። ባልየው ዝምታቸውን ትተው ለሹሙ እንዲህ አሏቸው፦ «ሻጩ ሞተሩ ስንት እንደሆነ ይነግርዎታል። እርስዎ ግን፥ በቦሌ ከፍታ፥ በቀትር፥ አንዱ ሞተር ጠፍቶ ስንት ሰው ይዞ ሳይወርድ ይበራል? ብለው ይጠይቁት። መልሱን በቃል አይቀበሉ፤ ከአብራሪው መጽሐፍ ላይ ሰንጠረዡን ያሳይዎ።»

ሹሙ ማስታወሻቸውን አውጥተው ጻፉ። «ቁጥሩ ከወንበሩ ቁጥር ያነሰ እንደሆነሳ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ያነሰ እንደሆነ፥ ያን ያህል ሰው ምድር ላይ ይቀራል።»

እመቤቲቱ ሁለተኛውን ቡና ሊቀዱ ጀበናውን አንሥተው ነበር። «ታዲያ፥» አሉ፤ «ውረድ የሚባለው ሐኪሙ ነው፥ ወይስ የበሽተኛው እናት?»