የኮድ አጻጻፍ በመጫኛ ሰነድ ውስጥ፦ የሶሊዲቲ ኮምፓይለር እንደ ማሳያ

ሶሊዲቲ በኢተሪየም ብሎክቼይን ላይ የሚሠሩ ስማርት ኮንትራቶች በብዛት የሚጻፉበት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። የተጻፈው ምንጭ ኮድ ወደ ባይትኮድ የሚለወጠው ሶልሲ በተባለው ኮምፓይለር ሲሆን፣ የዚህ ኮምፓይለር የመጫኛ ሰነድ ቋንቋውን መማር የሚጀምር ሰው ቀድሞ ከሚከፍታቸው ገጾች አንዱ ነው። በእንዲህ ያለ ሰነድ ላይ ትእዛዞችን፣ የፋይል ስሞችንና አማራጮችን ከተራው ጽሑፍ ለይቶ በኮድ ፊደል የማስቀመጥ ሥራ ብዙ ጊዜ እንደ ጽዳት ይቆጠራል፤ ገምጋሚዎችም በጨረፍታ አይተው ያሳልፉታል። ይሁን እንጂ ሰነዱ የተዘጋጀበትን መሣሪያ አሠራር ለመረመረ ሰው ሥራው ከመልክ ያለፈ ነው። የተሳሳተ ምልክት አንባቢው የሚገለብጠውን ፊደል ራሱን ይለውጣል።

በቅድሚያ የስሞቹን መቀራረብ መመልከት ያስፈልጋል። የቋንቋው ስም በላቲን ጽሕፈት በትልቅ ፊደል ይጀምራል። በማክ ኮምፒውተሮች ላይ በሆምብሪው በኩል የሚጫነው ጥቅልም ይህንኑ ስም ይዟል፤ ፊደሎቹ ግን ሁሉም ትንንሽ ናቸው። ትልቅና ትንሽ ፊደል በሌለው የግዕዝ ጽሕፈት ለለመደ ዓይን ልዩነቱ በቀላሉ ያመልጣል። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈው ኮምፓይለር በተርሚናል ላይ ሶልሲ ተብሎ ይጠራል። በኤንፒኤም የሚገኘው ጥቅልም ስሙ ሶልሲ ነው፤ ከተጫነ በኋላ ለተጠቃሚው የሚሰጠው ትእዛዝ ግን ሶልሲጄኤስ ይባላል። የሁለቱ ትእዛዞች አማራጮች አይጣጣሙም፤ የሶልሲን ባሕርይ የሚጠብቁ ሌሎች መሣሪያዎችም ከሶልሲጄኤስ ጋር አይሠሩም። የኮድ ፊደል እዚህ ላይ የሚናገረው ቃሉ እንዳለ የሚጻፍ መሆኑን ብቻ ነው። የጥቅል ስም ይሁን የትእዛዝ ስም በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ በግልጽ መነገር አለበት።

ዋናው ችግር የሚነሣው ከጽሑፍ ማዋቀሪያው ነው። የሶሊዲቲ ሰነድ የሚጻፈው ሪስትራክቸርድቴክስት በተባለው ሥርዓት ሲሆን፣ ወደ ድረ ገጽ የሚለወጠው በስፊንክስ ነው። አብዛኞቹ የዘመኑ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የለመዱት ግን ማርክዳውንን ነው። በማርክዳውን አንድን ቃል በነጠላ ባክቲክ (`) መክበብ ቃሉን ኮድ ያደርገዋል። በሪስትራክቸርድቴክስት ለዚሁ ተግባር የሚያስፈልገው ድርብ ባክቲክ (``) ነው፤ በነጠላው የተከበበ ቃል፣ ሌላ ቅንብር ካልተሰጠ በስተቀር፣ እንደ ድርሰት ርእስ ተቆጥሮ በሰያፍ ፊደል ይታተማል። ስፊንክስም ሥራውን ያለ ስሕተት ማስጠንቀቂያ ይፈጽማል፤ ነጠላ ባክቲክ በሥርዓቱ ሕጋዊ ነውና። ጸሐፊው ገጹን ሲያየው ቃሉ ከሌላው ተለይቶ ስለሚታይ፣ ሰያፍ መሆኑን ልብ ሳይል ያልፈዋል።

ጉዳቱ በሰያፍነቱ ቢያበቃ ኖሮ ነገሩ የውበት ጉዳይ በሆነ ነበር። ስፊንክስ በነባሪ ቅንብሩ ተራውን ጽሑፍ ለማሳመር ሥርዓተ ነጥብን ይለውጣል፦ ቀጥ ያሉ የጥቅስ ምልክቶችን ወደ ተጠማዘዙ፣ ሁለት ተከታታይ ሰረዞችን (--) ወደ አንድ ረዘም ያለ ሰረዝ (–)፣ ሦስት ነጥቦችን (...) ወደ አንድ የነጥቦች ምልክት (…) ያደርጋል። ይህ ለውጥ የኮድ ምልክት ያለበትን ጽሑፍ አይነካም፤ በነጠላ ባክቲክ የተከበበውን ግን እንደ ተራ ጽሑፍ ይለውጠዋል። የሶልሲ ረዣዥም አማራጮች ሁሉ በሁለት ሰረዝ ይጀምራሉ። የእገዛውን አማራጭ ከእንዲህ ያለ ገጽ ገልብጦ ተርሚናል ላይ የሚለጥፍ ተማሪ የሚልከው ረጅሙን ሰረዝ ይሆናል። ኮምፓይለሩም ቃሉን አማራጭ መሆኑን ስለማያውቅ እንደ ምንጭ ፋይል ስም ወስዶ ይፈልገዋል፤ አላገኘሁም ብሎም ይመልሳል። በብዙ የተርሚናል ፊደሎች ሁለቱ የሰረዝ ዓይነቶች እጅግ ስለሚመሳሰሉ ተማሪው የጻፈው ትክክል እንደሆነ፣ የተጫነው ፕሮግራም ግን የተበላሸ እንደሆነ ቢያስብ አይፈረድበትም።

የጥቅስ ምልክቱም እንዲሁ ነው። በዊንዶውስ ላይ ኮምፓይለሩን ከምንጭ ኮዱ ለመገንባት ለሲሜክ የቪዥዋል ስቱዲዮ ስም ይሰጠዋል። ስሙ በውስጡ ክፍተቶች ስላሉት በቀጥተኛ ጥቅስ መታሰር አለበት፤ ጥቅሱ ከተጠማዘዘ ትእዛዙን የሚቀበለው ፕሮግራም እንደ ጥቅስ ላያውቀው ይችላል፤ ያን ጊዜ አንዱ ስም ተበታትኖ ብዙ ቃል ይሆናል። ሲሜክ «ከዚህ ማኅደር በላይ ያለው ማኅደር» የሚለውን መልእክት የሚቀበለው ደግሞ በሁለት ነጥብ (..) ነው። የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር በዚህ ትእዛዝ ሲያልቅ የመዝጊያው ነጥብ ተጨምሮ ሦስት ይሆናል፤ ኮዱ ካልተከበበ ሦስቱ ወደ አንድ ምልክት ይጠቀለላሉ። አራት ነጥብ (።) ለሚጠቀም የአማርኛ ጸሐፊ ይህኛው ወጥመድ አይገጥመውም።

ብዙ መስመር ያላቸው ትእዛዞች በኮድ ብሎክ ውስጥ መግባት ይኖርባቸዋል። በተራ አንቀጽ ከተጻፉ የመስመር መለያው ወደ ክፍተት ተለውጦ ሁለት ትእዛዞች አንድ ይሆናሉ። ለብሎኩ ቋንቋውን መጥቀስም ይገባል፤ ካልተጠቀሰ የሰነዱ ነባሪ ቋንቋ ስለሚወሰድ የተርሚናል ትእዛዝ በሌላ ቋንቋ ሕግ ቀለም ሊቀባ ይችላል። በመስመር መጀመሪያ ላይ የሚቀመጠው የዶላር ምልክት ($) አብሮ ስለሚገለበጥ፣ የትእዛዝና የውጤት መስመሮች ካልተቀላቀሉ በስተቀር ባይጻፍ ይሻላል።

በዶከር በኩል የሚሠራው ትእዛዝ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በትእዛዙ ውስጥ የምስሉ ስም እንዳለ የሚጻፍ ሲሆን፣ የተጠቃሚው ማኅደር አድራሻ ግን በየኮምፒውተሩ ይለያያል። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ፊደል ከታተሙ ጀማሪው አድራሻውን ሳይተካ ይገለብጠዋል። በምስሉ ስም ላይ ከሁለት ነጥብ ምልክቱ (:) በኋላ የሚመጣው መለያም የዋዛ አይደለም፤ ከተተወ ዶከር ራሱ «የቅርብ ጊዜው» የሚል ትርጉም ያለውን ነባሪ መለያ ይወስዳል። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. የወጣው 0.8.0 እትም ከዓይነቱ ወሰን ያለፈ የሒሳብ ውጤት ሲያጋጥም ሥራውን እንዲሰርዝ ተደርጓል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት እትሞች ግን ቁጥሩን በዝምታ አዙረው ከዜሮ ያስጀምሩት ነበር። ሁለቱንም እትሞች የሚፈቅድ የእትም መግለጫ ያለው አንድ ምንጭ ኮድ እንግዲህ እንደተጫነው ኮምፓይለር ሁለት ባሕርይ ይኖረዋል፤ ብሎክቼይን ላይ የወጣ ባይትኮድ ደግሞ እንደ ተራ ፕሮግራም በማግሥቱ ታርሞ አይተካም።

ከዚህ ሁሉ የተነሣ ማስተካከያውን በጅምላ ፍለጋና ምትክ ለመፈጸም መሞከር አደገኛ ነው። ነጠላ ባክቲክ በዚሁ ሥርዓት ለአገናኞችና ወደ ሌላ የሰነዱ ክፍል ለሚመሩ ማጣቀሻዎችም ያገለግላል፤ ሁሉንም በድርብ መተካት ስሕተቱን ሲያርም አገናኞቹን ይሰብራል። እያንዳንዱን ቦታ አንብቦ መወሰን ግድ ነው። የኮድ አጻጻፍ ማስተካከያውም ከይዘት ለውጥ ተለይቶ ለብቻው ቢቀርብ ገምጋሚው አንዲት የተቀየረች ሰረዝ በሌሎች ለውጦች መካከል ጠፍታበት አያልፋትም። ፍተሻው የሚደረገውም በምንጭ ፋይሉ ላይ ሳይሆን በታተመው ገጽ ላይ ነው፤ በምንጭ ፋይሉ ሁለቱ ሰረዞች ሁልጊዜም ሁለት ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ ገጹ ከተገነባ በኋላ እያንዳንዱ ትእዛዝ ከአሳሹ ተገልብጦ፣ ኮምፓይለሩ ጨርሶ ባልተጫነበት ንጹሕ የዶከር ኮንቴይነር ውስጥ ይለጠፋል፤ በመጨረሻም የእትም ቁጥሩን የሚያሳየው አማራጭ ተጽፎ የተጫነው እትም ከታሰበው ጋር መግጠሙ ይታያል።